ሕጋዊ ሰውነት

ሕጋዊ ሰውነት ሲባል ሕግ አንድን ስብስብ እንደ አንድ ሰው ይቆጥረዋል ማለት ነው፤ በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፣ ይዋዋላል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል። በጦር ኃይሎች ሰፈር ላለ እድር ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ የማን ነው? ገንዘቡ በሊቀመንበሩና በገንዘብ ያዡ የግል ስም ባንክ ከተቀመጠ፣ አንዳቸው ሲሞቱ ወራሽ ይመጣል፤ እድርተኛው የገዛ መዋጮውን ፍለጋ ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ሕጋዊ ሰውነት ከሚያገኙ ስብስቦች አንዱ ማኅበር ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማኅበርን ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ያልተቋቋመ የሰዎች ስብስብ ይለዋል። ወፍጮ ተክለው ገቢውን ሊካፈሉ ያሰቡ ጎረቤቶች እንግዲህ ወደ ኅብረት ሥራ ይሂዱ።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ እድርንና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ ከቀብርና ከለቅሶ አልፎ አረጋውያንን መጦር፣ ከለጋሽ ጋር መዋዋል የፈለገ እድር ከጎኑ ሌላ ድርጅት ማቋቋም ይችላል። አዋጁ ጠቅላላ ጉባኤ የበላይ የሆነበትን ማኅበር በቦርድ ከሚመራ ድርጅት ይለያል። ለእድርተኛ የሚበጀው ማኅበሩ ነው እላለሁ፤ ሊቀመንበር መርጦ መሻር የለመደ ሰው ድምፁን ለጥቂቶች አሳልፎ መስጠት የለበትም። ቼክ የሚፈርሙት እነማን እንደሆኑና በስንት ዓመት እንደሚቀየሩም በመተዳደሪያ ደንቡ ከወዲሁ ይጻፍ፤ ገንዘብ ከገባ በኋላ ጉዳዩን ማንሳት ጠብ ይጭራል።