ከሳሱ ወርቅ እስከ ተንሳፋፊዋ ጠብታ

የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስ ሳለ የሰማውን ኋላ ሲጽፍ፣ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሳሱ ወደሚባል አገር ሰው ይልክ እንደነበር ይተርካል። መልእክተኞቹ ሥጋ፣ ጨውና ብረት ዘርግተው ፈቀቅ ይላሉ። የአገሬው ሰው ግብጦ የሚያካክል ወርቅ በዕቃው ላይ ጥሎ ይርቃል። ባለዕቃው ከበቃው ያነሳል፤ ካልበቃው ዝም ይላል፣ ያኛውም ይጨምራል ወይም ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ሳሱ የት እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም ብዙዎቹ ወደ ፋዞግሊና ቤኒሻንጉል ይጠቁማሉ። ሚዛን የሌለበት ይህ ግብይት ከታሪኩ ሁሉ ይበልጥ ይማርከኛል።

የግብጹ ገዢ መሐመድ አሊ በ1821 እ.ኤ.አ. ሱዳንን ሲወር ወርቁም በልቡ ነበር። ኦስትሪያዊውን የማዕድን ባለሙያ ዮሴፍ ሩሰገርን ወደዚህ የወርቅ አገር ላከ፤ በ1838 ራሱም ሰባ ሊሞላው ሲል ወደ ፋዞግሊ ጉዞ ጀመረ። የተመኘውን ያህል አላገኘም። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ዘመቻ ቤኒሻንጉልን ከምኒልክ ግዛት ጋር ቀላቀለው፤ የአሶሳው ሼክ ሆጀሌ አል ሐሰንም ግብሩን በወርቅ ከፈለ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ወርቅ ይቀልጥ የነበረው በሸክላ ነው። ወርቅ በ1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ከሸክላው ጋር አይዋሃድም፤ ቦራክስ ሲጨመርበት ቆሻሻው ወደ ላይ ይወጣል። ማቅለጫው ወርቁን ያበላሸው ይሆን ብሎ መጨነቅ አላስፈለገም።

ሌሎች ብረቶች እንዲህ ገር አይደሉም። ዚርኮኒየም በ1855 ዲግሪ ቀልጦ ማቅለጫውን ይበላል፤ ተንግስተን በ3422 ዲግሪ ሲቀልጥ የሚችለው ዕቃ ማግኘት ጭንቅ ነው። የቀለጠ ብረትን እፍጋትና ዝልግልግነት መለካት ለሚሻ፣ ዕቃው ከተበላ የሚለካው ብረቱ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ዕቃውን መተው ግድ ሆነ። በ1923 እ.ኤ.አ. ኦቶ ሙክ የተባለ ሰው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ጥቅል ሽቦ ብረትን አየር ላይ አንሳፍፎ የማቅለጥን ሐሳብ በፓተንት አስመዘገበ። ኋላ የመጣው ዘዴ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ጠብታን በኤሌክትሪክ ሙላት በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ይይዛታል፣ በሌዘር ያቀልጣታል። ካሜራ ጥላዋን አንስቶ ይዘቷን ያሰላል፤ ክብደቷ አስቀድሞ ስለታወቀ እፍጋቷ ይገኛል። ነካ ስትደረግ ትንቀጠቀጣለች፦ የንቅጥቅጡ ፍጥነት፣ ሎርድ ሬይሊ በ1879 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስሌት፣ የገጽ ውጥረቷን ይሰጣል፤ ቶሎ ወይም ዘግይቶ መርገቡ ደግሞ ዝልግልግነቷን።

ምድር ላይ የስበት ኃይልን ለመቋቋም የሚያስፈልገው ብርቱ መስክ ጠብታዋን ያጣምማታል። ስለዚህ በ1994 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቴምፐስ መሣሪያ በኮሎምቢያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ወጣ፤ ዛሬ አውሮፓና ጃፓን ተመሳሳዩን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይሠራሉ።

ጠብታዋ የምትለካው ቀልጣ ነው፤ ዛሬ የአሶሳ ወርቅ ገዢ ግን የሚመዝነው ቀዝቃዛውን ነው። ጠጣር ወርቅ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል፤ እንደቀለጠ 17.3 ግራም ገደማ ብቻ። አንድ ኪሎ ቀልጦ ወደ 58 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የሚይዘው ሲበርድ 52 ገደማ ላይ ይቆማል። አፉ ድረስ የተሞላ ቅርጽ ውስጥ የረጋ ጥፍጥፍ መሃሉ ጎድጎድ የሚለው በዚህ ነው።