የእክል ትርጓሜ፦ በጃቫ መተግበሪያ እርከኖች መካከል

በጃቫ ቋንቋ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ኤክሴፕሽን የሚሉት፥ የተጀመረው ሥራ በታሰበለት መንገድ እንዳይፈጸም የሚከለክል ነገር በመካከል ሲገጥም፥ ፕሮግራሙ መደበኛ ጒዞውን አቋርጦ የሚያስነሣውን ምልክት ነው። ይህንም በአማርኛ «እክል» ብንለው ከ«ስሕተት» ይልቅ ይስማማዋል፤ ስሕተት የሠሪውን ጥፋት ሲያመለክት፥ እክል ግን ሠሪው ምንም ሳያጠፋ መንገዱን የሚዘጋውን ሁሉ፥ የመስመር መቋረጥን፥ የፋይል መታጣትን፥ የዳታቤዝ መልስ መዘግየትን ይጠቀልላልና። ጃቫም ራሱ «ኤረር» የሚለውን ስም ለብቻው ለይቶ፥ ማኅደረ ትውስታ እንደ ማለቅ ላለው፥ ፕሮግራሙ ሊጠግነው ለማይጠበቅበት ከባድ ነገር ስለ ሰጠው፥ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ቃል ግን ከእክል የሚወጣው ሁለተኛው ስያሜ ነው። ጆሹዋ ብሎክ የተባለው የጃቫ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ባሳተመው «ኢፌክቲቭ ጃቫ» በተባለው መጽሐፉ፥ የላይኛው እርከን ከታችኛው የመጣበትን እክል ተቀብሎ ለራሱ ሥራ በሚስማማ ሌላ እክል እንዲለውጠው ይመክራል፤ ይህም አሠራር በባለሞያዎች ዘንድ ኤክሴፕሽን ትራንስሌሽን ይባላል። እኔ «የእክል ትርጓሜ» እንዲባል የማቀርበው፥ በጉባኤ ቤት መምህሩ የግእዙን ንባብ አስቀድሞ አሰምቶ ለደቀ መዝሙሩ ምሥጢሩን በአማርኛ ሲያብራራ ንባቡ እንደማይሻር ሁሉ፥ በዚህም ሥራ የመጀመሪያው እክል ሳይጠፋ በአዲሱ ውስጥ ተጠብቆ መሄድ ስላለበት ነው።

በጃቫ የሚሠራ የድረ ገጽ መተግበሪያ በተለመደው አሠራር ሦስት እርከን አለው፤ እነዚህም ከተጠቃሚው ጥያቄ የሚቀበለው ኮንትሮለር፥ የሥራውን ሕግ የሚያስፈጽመው ሰርቪስ፥ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገረው ሪፖዚተሪ ናቸው። አንድ ሰው ለመመዝገብ ያስገባው የስልክ ቁጥር ቀድሞ በሌላ ሰው ስም ገብቶ ቢገኝ፥ ዳታቤዙ አንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ በተደነገገለት ሕግ መሠረት ይከለክለዋል። ነገር ግን ይህንኑ ክልከላ ፖስትግሬስ 23505፥ ማይኤስኪውኤል 1062፥ ኦራክል ደግሞ ኦራ-00001 በሚል ምልክት ስለሚናገረው፥ ጄዲቢሲም የሦስቱን ሁሉ በኤስኪውኤል ኤክሴፕሽን ወገን ጠቅልሎ ስለሚያቀብል፥ እክሉ ሳይተረጐም እስከ ላይ ቢወጣ ኮንትሮለሩ የማይመለከተውን የዳታቤዝ ጠባይ ለማወቅ ይገደዳል፤ ዳታቤዙም በተለወጠ ቀን የላይኛው ኮድ አብሮ ይበላሻል። ከዚህም የሚብሰው፥ የሠንጠረዡና የዓምዱ ስም ያለበት ጥሬ መልእክት በገጹ ላይ የወጣ እንደ ሆነ ነው፤ ለተመዝጋቢው የማይገባው፥ ለአጥቂ ግን የሚጠቅመው ነውና።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትርጓሜ በሪፖዚተሪው ደጃፍ ይፈጸማል። በስፕሪንግ ማዕቀፍ ጄዲቢሲ ቴምፕሌት ለሚሠራ ሰው ይህ ድካም ቀሎለታል፤ ማዕቀፉ የየዳታቤዙን ምልክት መርምሮ፥ በዳታ አክሰስ ኤክሴፕሽን ሥር ወደ ተመደበው ወደ ዱፕሊኬት ኪይ ኤክሴፕሽን ይለውጠዋል። ሰርቪሱም ይህን ተቀብሎ «ስልክ ቁጥሩ ተይዟል» የሚል፥ በሥራው ቋንቋ የተሰየመ እክል ያስነሣል፤ ኮንትሮለሩ በመጨረሻ 409 የሚለውን የኤችቲቲፒ ቁጥርና ትሕትና ያለበት አንድ ዐረፍተ ነገር ለተመዝጋቢው ይመልሳል። ዳታቤዙ ጨርሶ ባይገኝ ግን ጥፋቱ የተመዝጋቢው ስላልሆነ፥ መልሱ ከ500ዎቹ ወገን መሆን አለበት።

ንባቡን ስለ መጠበቅ ጥቂት ልጨምር። ከጃቫ 1.4፥ ማለትም ከ2002 ወዲህ፥ አዲሱ እክል ሲፈጠር የቀድሞውን እንደ መነሻ ምክንያት አድርጎ ሊቀበል ስለሚችል፥ በሎጉ ላይ «ኮዝድ ባይ» በሚል መስመር እየተከታተለ እስከ ሥሩ ድረስ ይታያል። ብዙዎች ግን መልእክቱን ብቻ ይወስዱና እክሉን ራሱን ይጥሉታል፤ በዚህ ጊዜ በሌሊት ተጠርቶ የመጣው ባለሞያ ሎጉን ሲከፍት የሰርቪሱን ቃል እንጂ 23505 የሚለውን ምልክት፥ የከለከለውንም ሕግ ስም አያገኝም። እኔ ይህን ከመተርጐም ሳይሆን ከመሰረዝ እቈጥረዋለሁ።

ይህን ስል እክል በየእርከኑ ሁሉ ይያዝ ማለቴ አይደለም፤ ሊጠግነው ወይም ሊተረጕመው የማይችል እርከን ሳይነካ ያሳልፈው። ምንም ያልተጻፈበት ባዶ ካች ከሁሉ የከፋ ነው፤ ያልተፈጸመውን ምዝገባ ተፈጽሟል ያሰኛልና። በየእርከኑ ሎግ እየጻፉ እክሉን መልሶ መወርወርም አንዱን ነገር ሦስት አስመስሎ መርማሪውን ያደክማል፤ አንድ ጊዜ፥ በላይኛው በር ላይ ቢጻፍ ይበቃል፤ በስፕሪንግ 3.2 የገባው ኮንትሮለር አድቫይስ ለዚህ በር የሚመች ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው ግን የእክሉ ወገን ነው። ጃቫ አንዳንዱን እክል በሜቶዱ ራስጌ በግድ እንዲታወጅ ያዝዛል፤ ከረንታይም ኤክሴፕሽን የሚወለደውን ግን አያስገድድም። ስፕሪንግም ትራንዛክሽን የታወጀበት ሥራ በእክል ሲቋረጥ፥ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፥ በዳታቤዙ የተጻፈውን የሚሽረው እክሉ ከረንታይም ወገን ወይም ኤረር ሲሆን ብቻ ነው። እንግዲህ ተመዝጋቢው ከተጻፈ በኋላ ሒሳብ መክፈቱ ቢሰናከል፥ ሰርቪሱም ያንን በግድ ወደሚታወጀው ወገን ቢተረጕመው፥ ሒሳብ የሌለው ተመዝጋቢ በዳታቤዙ ጸንቶ ይቀራል። ስለዚህ የሰርቪሱ እክል ከረንታይም ወገን ቢወለድ ይሻላል፤ አለዚያም «ሮልባክ ፎር» በሚለው ቃል በግልጥ ይታዘዝ።

በየኮሌጁ ጃቫን ለምታስተምሩ መምህራን የማቀርበው ልመና ይህ ነው፤ ተማሪው እክልን መያዝ በተማረበት ሳምንት መተርጐሙንም አስተምሩት፤ የቤት ሥራውንም ስታርሙ መነሻውን ምክንያት የጣለ ካች ብታገኙ፥ ፕሮግራሙ በደንብ ቢሠራ እንኳ ማርክ ቀንሱበት።