በቢዩት ከተማ የሚገኘው የመዳብ ጌታ ቤት

ስለ ጥንታዊ ቤቶች የሚጻፉ ታሪኮች ብዙውን ጊዜ ግድግዳውንና ጣሪያውን አመስግነው ያበቃሉ። እኛ ግን በአሜሪካ፣ በሞንታና ግዛት፣ በቢዩት ከተማ የሚገኘውን የሚስተር ዊልያም ክላርክን ቤት ስንመለከት ሕንጻውን ከባለቤቱ ለይቶ ማየት የሚቻል መስሎ አልታየንም።

ቤቱ የተሠራው ከ1884 እስከ 1888 ዓ.ም. ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከቀይ ሸክላ የታነጸ ባለ ሦስት ደርብ ሲሆን 34 ክፍሎች አሉት። የአሠራሩ ስልት በእንግሊዝ ንግሥት በቪክቶሪያ ስም የሚጠራው ነው። በውስጡ በእጅ የተቀረጸ እንጨት፣ ሥዕል የተሣለበት ጣሪያና ባለ ቀለም መስተዋት ይገኛል፤ በላይኛው ደርብ ደግሞ ሰፊ የዳንስ አዳራሽ አለ። የማዕድኑ ጉድጓዶችም በዚያው ኮረብታ ላይ ነበሩ፤ ባለጠጋው ከሀብቱ ምንጭ ርቆ አልተቀመጠም።

ሚስተር ክላርክ በ1839 በፔንሲልቬንያ ተወልደው በ1863 ወርቅ ፍለጋ ወደ ሞንታና መጡ። ሀብታቸው የተጀመረው ግን ከቁፋሮው ይልቅ ለቆፋሪዎች ስንቅ በመሸጥ፣ ፖስታ በማመላለስና ገንዘብ በማበደር ነው። (ነጋዴ ከቆፋሪ ይልቅ ማትረፉ በሌላም አገር የታየ ነገር ነው።) ኋላም የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲስፋፋ መዳብ ተፈላጊ ስለ ሆነ፣ በቢዩት የያዙት ማዕድን ከታላላቅ ባለጸጎች ተራ አሰለፋቸው።

በዚያን ዘመን የአሜሪካን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባሎች የሚመርጡት የየግዛቱ ምክር ቤቶች ነበሩ። ሚስተር ክላርክ በ1899 ሲመረጡ ለመራጮቹ ጉቦ ሰጥተዋል ተብለው ተከሰሱ፤ መርማሪው ኮሚቴ ወንበሩ አይገባቸውም ብሎ ስለ ወሰነ በ1900 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ሆኖም በ1901 እንደገና ተመርጠው እስከ 1907 ቆዩ። በ1913 ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ ምርጫው በቀጥታ ለሕዝብ እንዲሰጥ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነገር ነበር። እንግዲህ የእንጨቱን ቅርጽ ስናደንቅ የከፈለው ገንዘብ ሌላም ነገር ይገዛ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባንም።

በ1925 ሚስተር ክላርክ ሞቱ። በኒው ዮርክ ያሠሩት 121 ክፍል ያለው ቤት በ1927 ፈረሰ። የቢዩቱ ግን ከቤተ ሰቡ እጅ ወጥቶ ለጥቂት ዘመን የካቶሊክ ሴት መነኮሳት መኖሪያ ሆነ፤ በ1953 አንድ ቤተ ሰብ ገዝቶ አደሰውና ለጎብኚዎች ከፈተው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ የበርክሌይ ክፍት ጉድጓድ ተጀመረ፤ እየሰፋም ሄዶ ሚዳርቪልን የመሳሰሉትን የሠራተኞች ሰፈሮች ዋጠ። ቁፋሮው በ1982 ቆመ፤ ጉድጓዱም በመርዛም ውሃ ተሞላ።