ካሴቱን ማን አቆየው?

በ2013 ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ካሴት ሲያገላብጥ ኃይሉ መርጊያ የሚል ስም ያለበት አንድ አሮጌ ካሴት እጁ ገባ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የኛን ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።) ካሴቱ በ1985 ዋሽንግተን ዲሲ የተቀዳ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ አኮርዲዮኑን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና ከበሮ የሚመታውን ማሽን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረበ ለብቻው የሠራው ሥራ። ሺምኮቪትዝ ሰውየውን አፈላልጎ በስልክ አገኘው። ኃይሉ ያኔ ታክሲ ነጂ ነበር። ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ መኪናው ውስጥ ይለማመዳል። በዚያው ዓመት ካሴቱ እንደገና ታተመ፣ ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ አልበም አወጣ።

ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ብዙ ቦታም ተጽፏል። ሲጻፍ ግን ሁልጊዜ «ተገኘ» በሚለው ቃል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ከ1985 እስከ 2013 ያሉት 28 ዓመታት ናቸው። ካሴት ራሱን አያስቀምጥም። ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ እያዞረ የመለሰ፣ «ይሄ አሮጌ ነው» ብሎ ያልጣለ፣ ላዩ ላይ ሌላ ነገር ያልቀዳበት ሰው አለ። የዚያን ሰው ስም ማንም አልጻፈውም።

ነገሩን ከሥሩ ብናየው፣ የሙዚቃችን ታሪክ ግማሹ የዘፋኞች ሲሆን ግማሹ የቀጂዎችና የአስቀማጮች ነው። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ ሸክላዎች የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በ1908 ጀርመን አገር ተቀዱ። ሸክላዎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ተሰብስበው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሥራ ውስጥ እንደገና ሲታተሙ፣ ያ የሆነው በየቤቱ አንዳንድ ሰው ሸክላ ስላልሰበረ ነው። በ1948 ደግሞ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት፣ ሙዚቃ ቤት ያለው፣ ትእዛዙን እንዳላየ አልፎ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ውጭ አገር አሳትሞ አመጣ። ሕግ ጥሷል፤ ባይጥስ ኖሮ ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ነገር የት ይገኝ ነበር? ከዚያ ዓመት እስከ 1978 ድረስ ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና 30 ገደማ ትልልቆች ወጡ። ለአንድ አገር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱ ለሰብሳቢዎች ጠቀማቸው እንጂ።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አምሃም በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ሸክላም በካሴት ተተካ። ካሴት የፈረንጅ ሰብሳቢዎች የሚንቁት ነገር ነው፣ ድምፁ ስለሚሻክር። ለኛ ግን ካሴት ማለት ማንም የትም ሆኖ የሚቀዳው ማለት ነው። ሸክላ ለማተም ፋብሪካ ያስፈልጋል፤ ካሴት ለመቅዳት ቴፕ፣ አራት ድንጋይና ጎረቤት ዝም እንዲል መለመን ይበቃል። መንዙማው፣ የሰርጉ ማሲንቆ፣ የቀበሌው ኪነት ሳይቀር ወደ ታሪክ የገባው በዚህ በር ነው።

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰምቶ ነው በዚህ የተለከፈው። «ኤረ መላ መላ» በ1986 አውሮፓ ታተመ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮፒክስ ጀመረ፤ ዛሬ ከ30 ቅጽ በላይ ደርሷል። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ ደግሞ ዓለም ሁሉ ሰማ። ፋልሴቶ የሠራው ትልቅ ሥራ ነው፤ የሚያጣጥሉት ሰዎች ራሳቸው እስኪ ሦስት ሸክላ ሰብስበው ያሳዩኝ። ግን «የተረሳው ማሕሙድ» ሲሉ እስቃለሁ። ማሕሙድ መቼ ተረስቶ ያውቃል? የተረሱት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ሸክላ ቤት አታገኟቸውም።

ወደ ወሎ ልውሰዳችሁ። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስሞች ናቸው። አስቡት፣ ቦታው ስሙን ለቅኝቱ ሰጥቷል፤ ቅኝቱን ያበጁት ሰዎች ግን አንድም ስም አልተረፈላቸውም። እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አሥር ዓመት ገደማ የኖሩባት ግሸን ማርያም እዚያው አምባሰል ምድር ናት። እሳቸው በ1960ዎቹ የመጀመሪያ ሸክላቸውን አወጡ፤ ዓለም በሰፊው የሰማቸው ግን በ2006 በኢትዮፒክስ 21ኛ ቅጽ፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው መነኩሴ ሆነው ነው። እሳቸው እንኳ ሸክላ ነበራቸው። ከግሸን ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በቦረናና በሳይንት ደጋ ለሰርግ ማሲንቆ ይዘው የሚዞሩትስ?

እኔ የመካነ ሰላም ልጅ ነኝ። አጎቴ ሹፌር ነበር፤ ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ነበር የሚመላለሰው። ሹፌር በዚያ ዘመን የኛ አገር ሬዲዮ ጣቢያ ማለት ነው፤ የደሴን ካሴት ወደ ደጋ ያወጣል፣ የደጋውን ወደ ደሴ ያወርዳል። እሱ ሲያርፍ አክስቴ ካርቶን ሙሉ ካሴት አስቀመጠች፤ እኔ ደግሞ ኢንጂነር ስለተባልኩ ወደ ኮምፒውተር የመገልበጡ ሥራ ለኔ ተሰጠ። አንዱ ላይ በእስክሪብቶ «አጅባር 81» ተብሎ ተጽፏል። በኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ 1981 ዓ.ም.።

የሰርግ ካሴት ነው። አንድ አዝማሪ፣ አንድ ማሲንቆ፣ የሰው ጫጫታ፣ በየመሃሉ ውሻ። ድምፁን መግለጽ አልችልበትም፤ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሥራዬን ትቼ ሦስት ጊዜ ደገምኩት ልበላችሁ። አምባሰል ሲጫወት ከማሲንቆው አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ሁልጊዜ ያመለጠው ይመስላችኋል፣ አያመልጠውም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውርለት እንዳለ አይመልሰውም፣ አንዲት ቃል አዛብቶ ወርዋሪውን ራሱን ያስቅበታል።

አሁን ነገሩን ስሙኝ። አዝማሪው በ45 ደቂቃ ውስጥ የሙሽራውን ስም ይጠራል፣ የሙሽሪትን፣ የአባቶቻቸውን፣ የሚዜዎቹን፣ ብር ግንባሩ ላይ የለጠፈለትን ሁሉ ከነአያቱ ይጠራል። እዚያ ግቢ የነበረውን ሰው መዝገብ ማውጣት ትችላላችሁ። የራሱን ስም ግን አንዴም አይጠራም። ማንም አይጠራውም፤ «አንተ አዝማሪ» ነው የሚሉት። አክስቴን ማን ነው ብዬ ስጠይቃት «ስሙንማ ማን ጠየቀው ልጄ? ዘፈኑን ነው እንጂ» አለችኝ። ካሴት ሰጥቶን ያቆየን ባህልና ስም የነፈገው ባህል አንድ ናቸው፤ ይሄን ለያይቼ ማየት አቅቶኛል።

ሌላ ቅጂ መካነ ሰላም አንድ ዘመድ ቤት ተገኘ። ያንኑ ሰርግ ነው፤ ግን ድምፁ ግማሽ ድምፅ ያህል ከፍ ይላል፣ ፍጥነቱም ይጨምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። ቅጂው ሲቀዳ ድንጋዩ ደክሞ ስለነበር ክሩ ቀስ ብሎ ሄዷል፤ በደህና ቴፕ ስታጫውቱት ያው ክር ይሮጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ደስ ያለኝ ነገር ግን፣ ፍጥነት ሲቀየር ድምፆቹ ሁሉ በአንድ እጅ ነው የሚበዙት፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም። ስለዚህ ስንት ጊዜ ቢገለበጥ፣ በስንት ደካማ ድንጋይ ቢቀዳ፣ አምባሰል አምባሰልነቱን አይለቅም። በአንዱ ቅጂ ክሩ የተበላበትን ቦታ ከሌላው ወስጄ ሞላሁት፤ ሁለት ስንኝ ተረፈ።

ጓደኞቼ «ኢንተርኔት ላይ ጫነው፣ ሰው ራሱ ያገኘዋል» ይላሉ። አያገኘውም። እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌር እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅ ነው። ዘፈን የሚመክራችሁ ፕሮግራም በዋናነት ዘፈኑን አይሰማም፤ «ይሄን የሰማ ሰው ሌላ ምን ሰማ?» ብሎ ነው የሚያሰላው። ማንም ያልሰማው ዘፈን ጎረቤት የለውም፣ ጎረቤት ስለሌለው አይመከርም፣ ስለማይመከር አይሰማም። ፊደላችንም ሌላ ጣጣ አለው፦ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ፣ ኀይሉ ለኛ አንድ ሰው ነው፤ ካልነገሩት በቀር ለኮምፒውተር አራት ሰው ነው። የአጎቴ ዘዴ ይሻል ነበር ልል ምንም አልቀረኝ። እሱ የሚያጫውተው የሚወደውን ነበር፤ ተሳፋሪውም ካልጣመው እዚያው «ቀይረው!» ይለዋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ቅጹ ነው። ብዙ ቦታ ስትጭኑ «የአርቲስት ስም» የሚል ባዶ ቦታ አለ። ብዙ ሰው «ሕዝባዊ» ብሎ ያልፋል። ጨዋ ቃል ይመስላል፤ ለኔ ግን ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ የሠራው ሰው የለም ማለት ነውና። «ያልታወቀ» የተሻለ ነው፤ ቢያንስ ጥያቄውን ክፍት ይተወዋል። የኛም ሕግ፣ የ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፣ ለከዋኙ መብት ሰጥቶታል፤ ለደራሲው ብቻ አይደለም። ሺምኮቪትዝ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል ነው የሚካፈለው፤ ለመካፈል ግን መጀመሪያ ሰውየው ጋ መደወል ነበረበት። እኔ ለማን ልደውል?

ስለዚህ አልጫንኩትም። በሚሞሪ ገልብጬ ወደ አጅባር በሚሄዱ ሰዎች ላክሁ፣ በድሮው መንገድ። ፋይሉን «ስሙ የሚፈለግ አዝማሪ፣ አጅባር፣ 1981» አልኩት፤ ከነስልክ ቁጥሬ። እስካሁን አራት ሰው ደውሏል። አንዱ «የዚያ ሰርግ ሚዜ እኔ ነኝ» ብሎ አሥር ደቂቃ ሲያለቅስ ቆየ፤ እሱም ስሙን አያውቀውም። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ስም ሰጥተውኛል። አንደኛው ስም ከነአባቱና ከነቀበሌው ነው፤ ፍለጋውን የምጀምረው ከሱ ነው።