ከምድር ባቡር እስከ ቴሌቪዥን፦ የእግር ኳስ ሊጋችን አደረጃጀት ከድሬዳዋ ሲታይ

የእግር ኳስ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ቦታ የሚይዙት ግብ አግቢዎችና ዋንጫዎች ናቸው። ማን ከማን ጋር እንዲጫወት ተወሰነ፣ ማንስ ከምድቡ ውጭ ቀረ፣ ውሳኔውስ በምን ምክንያት ተሰጠ የሚለው ጥያቄ ግን ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊዎች የተተወ ደረቅ ጉዳይ ሆኖ ይታለፋል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሙያው መሐንዲስ፣ በመኖሪያው ደግሞ የድሬዳዋ ሳቢያን ሰው በመሆኑ ወደዚሁ ደረቅ ጉዳይ ያደላል። በሳቢያን የውሃ ጉድጓዶች አጠገብ የኖረ ሰው አንድ ነገር አይጠፋውም፤ ውሃ የሚደርሰው ቧንቧው በተዘረጋበት አቅጣጫ ነው እንጂ ጥሙ በበረታበት ሰፈር አይደለም። የሊግ አደረጃጀትም ከዚህ የተለየ ሆኖ አላገኘሁትም። ቡድኖችን የሚመግበው መስመር በተዛወረ ቁጥር ምድቡም አብሮ ተዛውሯል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ሻምፒዮና በ1944 በአዲስ አበባ ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። በ1935 የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች ሲሆኑ፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፤ ዋንጫውንም የወሰደው ይኸው የሚሲዮኑ ቡድን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው አመዳደብ በዜግነት ነበር ማለት ይቻላል። በ1950ዎቹ የአሸናፊዎች ዝርዝር ላይ በ1955ና በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 አካለ ጉዛይ የሚሉ ስሞች ሲገቡ መለኪያው ተለውጦ እናገኘዋለን። እነዚህ የአውራጃ ስሞች ናቸው። ውድድሩ ከአንድ ከተማ ማኅበረሰቦች ጨዋታነት ወጥቶ የአገር ካርታ መልክ ይዟል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የድሬዳዋ ነው። በ1960 የጥጥ ፋብሪካው ቡድን ኮተን የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሆነ። በ1961 የሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ኢትዮ ሲሚንቶ ተረከበው። በ1962ና በ1963 ተመልሶ ለኮተን፣ በ1964 ለሲሚንቶ፣ በ1965 እንደገና ለኮተን ሆነ። ስድስት ተከታታይ ዓመታት ዋንጫው ከአንድ ከተማ፣ ከሁለት ፋብሪካዎች ደጅ አልወጣም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋና ከተማ፣ የጦሩና የታላላቆቹ መሥሪያ ቤቶች መቀመጫ የሆነችው አዲስ አበባ እጇን አጣምራ ተመለከተች።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ተሰጥኦ የጎደለበት የአገራችን ክፍል የለምና መልሱን በተሰጥኦ ብቻ መፈለግ አያዋጣም። የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ሲሆን፣ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1917 ነው። ከተማዪቱ የተወለደችው ከሐዲዱ ነው፤ ፋብሪካውም የተተከለው ጥሬ ዕቃና መለዋወጫ በሚራገፍበት ቦታ ነው። በዚያ ዘመን ኳስ ብቻውን እንጀራ አልነበረምና ተጫዋች የሚያስፈልገው ቋሚ ሥራና የወር ደመወዝ ነበር። ይህን ሊሰጥ የሚችለው ደግሞ ፈረቃ ያለው ፋብሪካ ነው። ስለዚህ ኮተን ከሩቅ ተጫዋች መሳብ ቻለ። የ1962ቱን የአፍሪካ ዋንጫ በአምበልነት ያነሣው አስመራ ያደገው ሉችያኖ ቫሳሎ ለኮተን ከተሰለፉት አንዱ ነው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና በ1964 በተጀመረ ጊዜም አገራችንን የወከለው ኮተን ነበር፤ አክራ ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸነፈ። አንድ የጨርቅ ፋብሪካ የአህጉር ግማሽ ፍጻሜ መድረሱ ዛሬ ሲነገር ተረት ይመስላል።

ሐዲዱ ግን የዘላለም መጋቢ አልሆነም። ከ1966 እስከ 1968 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሦስቱንም ዓመት ወሰደ። ቀጥሎ ሚዛኑ ወደ ሰሜን አዘነበለና በ1969ና በ1970 የአስመራው ቴሌ፣ በ1972ና በ1973 አስመራ፣ በ1974 እምባሶይራ አሸናፊ ሆኑ። የአስመራን ክብደት ለመረዳት የ1968ቱ የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባና በአስመራ መካሄዱን ማስታወስ ይበቃል። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1976፣ ውድድሩ እንደገና ወደ አገራችን ሲመጣ ሁለተኛዋ ከተማ ድሬዳዋ ሆነች። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት በእኛው ሙቀት ነው። የመድረክ መዛወር ይሉሃል ይህ ነው፤ በሰሜን ጦርነት ነበረ፣ ካርታውም ሳይታወጅ ተለወጠ።

ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ያለውን ጊዜ በአሸናፊዎቹ ስም ብቻ ማለፍ ይቻላል፦ ምድር ባቡር፣ ኦጋዴን አንበሳ፣ ኦሜድላ፣ ትግል ፍሬ፣ እርምጃችን፣ መቻል። ሁሉም በመንግሥት ተቋማትና በዘመኑ መፈክሮች ጥላ ሥር የቆሙ ስሞች ናቸው። ኮተን በ1983 አንድ ጊዜ፣ አምስተኛውንና የመጨረሻውን ዋንጫ አነሣ።

የዛሬው ፕሪሚየር ሊግ በ1997/98 ሲጀመር መጋቢው ቀስ በቀስ ከፋብሪካ ወደ ከተማ አስተዳደር በጀት እየተሻገረ ነበር። ‹ከነማ› የሚለው ቅጥያ በየከተማው ክለብ ስም ላይ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው፤ ድሬዳዋም በራሷ ከነማ ተወከለች። ሐዋሳ በ2004ና በ2007 ሲያሸንፍ፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2018፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2019፣ ፋሲል ከነማ በ2021 ሲከተሉ ሊጉ እንደገና የአገር ካርታ መሰለ። ዳሩ ግን ካርታውን ከነቁስሉ ነበር የመሰለው። በ2018/19 የአማራና የትግራይ ክለቦች ግንኙነት በገለልተኛ ሜዳ ይካሄድ ነበር። በ2020 ጦርነቱ ሲፈነዳ መቐለ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ከሊጉ ወጡ፤ የተመለሱትም በ2024/25 ነው። ሊጉ በአንድ ጊዜ ሦስት ቡድን ሲቀበል አንዳንዱ ስለ መርሐ ግብሩ መጣበብ አማረረ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ማስፋፊያ ከመርሐ ግብር በላይ የሆነ ነገር ነበር።

አሁን ላለንበት ሁኔታ ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነው ባልተጠበቀ ስፍራ ይገኛል። በአሜሪካ በእጅ በሚያዝ ሞላላ ኳስ የሚጫወቱት የኮሌጅ ቡድኖች፣ በጉርብትና ላይ በቆሙ ‹ኮንፈረንስ› በሚባሉ ማኅበራት ተቧድነው አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ኖረዋል። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቴሌቪዥን መብት ሽያጭ በአንድ አካል እጅ መያዙን ሲከለክል፣ መጋቢው ከተመልካች መግቢያ ወደ ስርጭት ውል ዞረ። ፍጻሜውን ያየነው በ2024 ነው። በ1915 ከተመሠረተው የፓስፊክ ዳርቻ ኮንፈረንስ አሥራ ሁለት አባላት አሥሩ በአንድ ዓመት ለቀው ሁለት ብቻ ቀሩ። ስታንፎርድ በፓስፊክ ዳርቻ ተቀምጦ የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ አባል ሆነ፤ ‹ታላቁ አሥር› የሚባለው ማኅበርም ስሙን ሳይለውጥ አሥራ ስምንት አባላት ይዟል። ስሙን ማረም የአንድ ጸሐፊ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ስሙም የሚሸጥ ዕቃ ነው።

እኛም ዘንድ የሊጉ አክሲዮን ማኅበር በ2020 ከዲኤስቲቪ ጋር የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት ወረርሽኙም ታክሎበት ጨዋታዎቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላው እንዲዛወሩ ተደረገ። የመጀመሪያዎቹ አስተናጋጆች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። እንደ መሐንዲስ ስመለከተው መፍትሔው ብልህ ነው፤ ካሜራውና መኪናው በየቦታው ከሚመላለስ ቡድኖቹ ወደ ካሜራው ቢመጡ ወጪው ይቀንሳል፣ ለጸጥታም ይቀላል። ስሌቱ ውስጥ ያልገባው የገዛ ሜዳ ነው። አሜሪካኖቹ በሩቅ ጉዞ ቢደክሙም በየሁለተኛው ሳምንት ወደ ደጃቸው ይመለሳሉ። የእኛ ሊግ ግን ባለ ሜዳና እንግዳ የሚለውን የጨዋታውን አሮጌ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ አስቀረው። ይህን ጉዳይ እንደ ቴክኒክ ዝርዝር አድርገው ለሚያዩት የሙያ ጓደኞቼ የምለው፣ ኮተንን ኮተን ያደረገው ከፈረቃ ወጥቶ በቀጥታ ሜዳ የሚገባው ሠራተኛ ጭምር መሆኑን ነው።

ሳቢያን ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት ከጥጥ ፋብሪካው በጡረታ የተሰናበቱ ጎረቤታችን አብረውን ይቀመጣሉ። በ1983 ዋንጫው ሲመጣ ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ውድድሩ ወደ ድሬዳዋ በመጣበት ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በግድግዳው ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ከሩቅ የመጡ ክለቦች በእኛው ስታዲየም ሲጫወቱ እያየን፣ «ጋሼ፣ ለምን እዚያው ሄደን አናይም?» አልኳቸው። «የማን ደጋፊ ሆኜ ልሂድ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ዙሩ ሲያልቅ ቡድኖቹ ሻንጣቸውን ሸክፈው ወደ ቀጣዩ ከተማ ሄዱ። የድሬዳዋ ከነማም አብሮ ሄደ።