አፕል፣ ኮሞዶርና ስፔክትረም በጅማ መብራት

የቡና መፈልፈያ ወይም የወፍጮ ሞተር ሲነሣ የሰፈሩ አምፖል እንደሚደበዝዝ ለጅማ፣ ለአጋሮና ለሊሙ ሰው መንገር አያስፈልግም። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ከወትሮው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ መስመሩ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ለጎረቤት የሚደርሰው ቮልቴጅ ይወርዳል። አምፖል ይህን ይችለዋል፣ ብዙ የድሮ ኮምፒውተር ግን አይችለውም። የድሮ የቤት ኮምፒውተር ወዳጆች በሥዕልና በድምፅ ሲከራከሩ እኔ ፓወር ሰፕላያቸውን የማስቀድመው ለዚህ ነው።

እነዚህ ኮምፒውተሮች በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ ሲወጡ የእኛ መብራት ኃይል ሁለት መልክ ነበረው። እንደ ቆቃና ፊንጫ ያሉ ግድቦች የሚመግቡት የተያያዘ መረብ ነበረ፤ ከመረቡ ውጪ የቀሩ ከተሞች ደግሞ በናፍጣ ጄኔሬተር ወይም በአነስተኛ የውኃ ኃይል ያድሩ ነበር። ኮምፒውተሮቹን የሠሩት ሰዎች ይህን ሁሉ በሐሳባቸው አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የእንግሊዙ ስፔክትረም ርካሽ ነበር፤ ዝቅተኛው ዋጋ 125 ፓውንድ። ከውጪ ያለው ጥቁር የፓወር ሰፕላይ ሣጥን ትራንስፎርመር፣ ዳዮድና ካፓሲተር ብቻ ነው፤ 9 ቮልት ገደማ ይሰጣል፣ ወደ 5 የሚያወርደው በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ 7805 የሚባል ሬጉሌተር ነው። ሣጥኑ የተሠራው ለ240 ቮልት ስለሆነ በእኛ 220 ገና ከመነሻው 8 በመቶ ያጣል። መስመሩ 160 ሲደርስ የሚተርፈው 6 ቮልት ያህል ነው፤ ሬጉሌተሩ ደግሞ ቢያንስ 7 ይፈልጋል። ከካሴት በስንት ደቂቃ የተጫነው ፕሮግራም በአንድ ወፍጮ መነሣት ድራሹ ይጠፋል። ሆኖም ማንኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ ከፍቶ ያድነዋል። ብቻ የሬዲዮ አዳፕተር እንዳይሰካበት፤ የስፔክትረም መሰኪያ ኔጌቲቩ መሐል ላይ ነው።

በዚያው ዓመት የወጣው ኮሞዶር 64 ሌላ ጣጣ አለው። ሣጥኑ ሁለት ነገር ይልካል፦ የተስተካከለ 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ። ብዙዎቹ በደረቅ ሙጫ ተሞልተው ስለተደፈኑ ሙቀቱ አይወጣም፣ ጠጋኝም አይገባም። ሬጉሌተሩ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ ከመውረድ ይልቅ ከ5 በላይ ይወጣና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላል። የስፔክትረም ሣጥን ሲደክም ሥራ ያስቆማል፤ የኮሞዶር ሲደክም ኮምፒውተሩን ይገድላል። በውስጡ ያለ አንድ ሰዓትም ጊዜ የሚቆጥረው ከዚያው ኤሲ ንዝረት ነው፤ ጭነት በዝቶ የናፍጣው ሞተር ሲያዘግም ያ ሰዓት አብሮ ያዘግማል።

ለእኛ መስመር የሚሻለው በዕድሜ ታላቃቸው ነው። እ.ኤ.አ. የ1977ቱ አፕል 2 ፓወር ሰፕላይ የሮድ ሆልት ሥራ ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በቅድሚያ ወደ ዲሲ ይለውጥና በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየቆራረጠ በትንሽ ትራንስፎርመር ያሳልፈዋል። መግቢያው ሲወርድ ቁርጡን ያስረዝማል፣ መውጫው ከልኩ ሲያልፍ ራሱን ይዘጋል። ቀላልና ቀዝቃዛ ስለሆነ ቬንቲሌተር አላስፈለገውም። ዘዴው በሆልት ተፈለሰፈ የሚሉ አሉ፤ የተጋነነ ነው፣ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ቀድመውት ነበር። ዋጋው ግን ከ1,298 ዶላር ይጀምር ነበር፤ መብረቅ የበዛበት የጅማ ክረምት ደግሞ ለእርሱም አይመለስም።

እ.ኤ.አ. በ2004 ባለ184 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ አንድ እዚያው በጅማ ዞን ሥራ ጀመረ። ግድቡ የአገሩን መረብ አጠነከረ እንጂ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ቤትዎ ያለውን ሽቦ አላወፈረም። እናም ዘመድ ከአሜሪካ ኮሞዶር 64 ቢያመጣልዎት፣ ለ110 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በቀጥታ አይሰኩት። ሣጥኑን በአዲስ ሥሪት ይለውጡ፣ በፊቱ ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ያድርጉ። በዋናው ሣጥን ካልሆነ ካሉ ግን በኮንቨርተር ሰክተው ከኮምፒውተሩ ሳያገናኙ መውጫውን በቴስተር ይለኩ፤ ዲሲው ከ5.25 ቮልት ካለፈ ሣጥኑን ይጣሉት። ልክ ቢያሳይም ሲግል ሊከዳ ይችላል።