ወጣት መምህርና በእድሜ የሚቀራረቡት ተማሪዎች፦ የአንድ የሙያ ችግር ታሪካዊ አመጣጥ

በመምህርና በተማሪ መካከል ያለው ግንኙነት በየዘመኑ የራሱ ልክ ነበረው። ልኩን ሲጠብቁ የኖሩት በአመዛኙ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ልማድ፣ ሁለተኛው የእድሜ ርቀት። ዘመናዊው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በአገራችን በተስፋፋበት ወቅት ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ላሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት እንደሆነ መርምሮ፣ ለዛሬው የመምህራን ሥልጠና የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

ሀ. የጉባኤ ቤቱ ሥርዓት

በቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪው መምህሩን «የኔታ» ብሎ ይጠራል፤ ቃሉ «የእኔ ጌታ» ከማለት የመጣ ነው። የቆሎ ተማሪ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ በመምህሩ አቅራቢያ ጎጆ ቀልሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ይማራል። ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል። ኑሯቸው እንዲህ የተቀራረበ ቢሆንም ቅርበቱ ወደ ባልንጀርነት አይለወጥም ነበር። ርቀቱ በአክብሮት ብቻ ሳይሆን በአለንጋም ይጠበቅ እንደነበር መዘንጋት አይገባም።

ከሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው የታናናሽ አስተማሪዎች ጉዳይ ነው። በጉባኤ ቤት በትምህርቱ ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ በእድሜ የሚቀራረቡ አስተማሪና ተማሪ ያን ጊዜም ነበሩ ማለት ነው። ነገር ግን አስቀጻዩ የሚሠራው በየኔታ ዓይን ሥር ነው። ተማሪው ለሚቀጥለው ትምህርት መብቃት አለመብቃቱን የሚፈርዱት የኔታ እንጂ እርሱ አይደለም። ወጣቱ አስተማሪ ሥራ ተሰጥቶታል፤ ብቻውን ግን አልተተወም።

ለ. የእድሜው ርቀት መጥበብ

በ1950ዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ክፍለ ሀገር ከተሞች ሲስፋፉ የመምህራን እጥረት ከባድ ሆነ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከ270 በላይ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ሥራ ጀመሩ፤ ብዙዎቹ ከኮሌጅ ገና የወጡ ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት አገራቸውን ማገልገል ጀመሩ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በመባል የታወቀው ይህ ሥራ አብዛኞቹን ተሳታፊዎች ወደ ማስተማር አሰማራ።

በሌላ በኩል፣ የገጠር ልጆች ትምህርት የሚጀምሩት ዘግይተው ስለነበር በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል የአሥራ ስምንትና የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተማሪ ማግኘት እንግዳ አልነበረም። የሃያ አንድ ወይም የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት በጥቁር ሰሌዳው ፊት ሲቆም በአንዳንዱ ወንበር ላይ የተቀመጠው እኩያው ነበር። ወጣት ሴት መምህርት ስትሆን ችግሩ በተገላቢጦሽ ይመጣ ነበር፤ ጎረምሶቹ እንደ መምህርት ሳይሆን እንደ ኮረዳ ያዩአት ነበርና።

ይህ መቀራረብ በጎ ፍሬ አልነበረውም ማለት አይቻልም። ወጣቱ መምህር መጽሐፍ ያውስ፣ የክርክር ክበብ ያቋቁም፣ ከዩኒቨርሲቲው ያመጣውን አዲስ አስተሳሰብ ያካፍል ነበር። በየክፍለ ሀገሩ የተማሪው ንቃት ያደገው በከፊል በዚህ መንገድ ነው። አደጋውም ያለው እዚያው ነበር፤ ትምህርቱን ሕያው ያደረገው ቅርበት ልኩን ሲያልፍ ደካማውን ወገን ይጎዳ ነበር።

ሐ. አባት፣ ወንድም ወይስ ጓደኛ?

ችግሩ በአጠራር ላይ ጎልቶ ይታያል። የኔታ «እርስዎ» ይባላሉ፤ ቦታቸው የአባት ነው። ወጣቱ መምህር በስሙ ብቻ ቢጠራ ቦታው የጓደኛ ይሆናል። ቋንቋችን በሁለቱ መካከል ሌላ ቦታ አለው፤ «ጋሼ» ብሎ «አንተ» ማለት የታላቅ ወንድምን ቦታ ያመለክታል። ይህ ለወጣቱ መምህር የሚስማማ ይመስላል፤ ሆኖም አይበቃም። ታላቅ ወንድም ማርክ አይሰጥም፣ ከክፍል ወደ ክፍል አያሳልፍም፣ አይጥልም። ማርክ የሚሰጥ ሰው የወዳጅነት ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ተማሪው «እምቢ» ለማለት ያለው ነጻነት እንደ ጓደኛ ነጻነት አይደለም።

የተማሪዎቹ አኗኗር ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ከገጠር የመጡ ልጆች ከወላጆቻቸው ርቀው፣ ከቤት በሚላክ ስንቅ፣ በከተማው ቤት ተከራይተው ይማራሉ፤ ወጣቱ መምህርም ተከራይ ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚጠብቃቸው የጋራ ግቢና የጋራ መንገድ ነው። ከዘመድ ዓይን የራቀችው ልጃገረድ ከመምህሯ ሌላ የምትጠጋበት አዋቂ ላይኖራት ይችላል። እምነቷ ሲጎድል የሚቀርባት ማርክ ብቻ አይደለም፤ ትምህርቷን አቋርጣ ወደ መጣችበት መመለሷም ይሆናል።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር ሲያሰማራ፣ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር ሁሉም ዘማች ተባሉ። በአንድ ሰፈር አደሩ፣ በአንድ ማዕድ በሉ። ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ የትናንቱ የዘመቻ ጓዶች በክፍል ውስጥ እንደ መምህርና ተማሪ ተገናኙ፤ የቀድሞው የአክብሮት ርቀት በነበረበት ሊመለስ አልቻለም።

መ. ሕግና ሙያ

ሕጉ ጉዳዩን ችላ አላለውም። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸም የንጽሕና ጥቃት ተበዳዩ የአጥፊው ተማሪ ሲሆን ቅጣቱን ያከብድ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ይህንኑ አጽንቶ፣ ሥልጣኑን ተገን አድርጎ ሴትን የሚደፍር መምህርን በሙያው ስም ይጠቅሳል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ ማለትም ለአንዷ ብቻ የሚሰጠውን ትርፍ ማርክ፣ በመምህሩ ቤት የሚደረገውን ጥናት፣ በምስጢር የሚለዋወጡትን ደብዳቤ ሊጠብቅ የሚችለው ሙያው ነው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አንድ ወይም ሦስት ዓመት የሠለጠኑ ወጣቶች ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በብዛት ሲገቡ፣ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነው መምህር ለአሥራ አምስት ዓመቷ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተመደበ። የእድሜው ርቀት እንደገና ጠበበ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። ጉባኤ ቤቱ ወጣቱን አስቀጻይ በየኔታ ጥላ ሥር አቆየው፤ ዘመናዊው አደረጃጀት ግን ወጣቱን መምህር ሙሉ ሥልጣን አስይዞ፣ ጥበቃውን ለህሊናው ብቻ ተወለት። ህሊና አስፈላጊ ነው፤ ሥርዓትን ግን አይተካም። አዲስ መምህር ለመጀመሪያው ዓመት ልምድ ካለው መምህር ጋር ቢመደብ፣ ማጠናከሪያ ትምህርት በመኖሪያ ቤት ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል ቢሰጥ፣ ከቤተሰብ ርቀው ለሚማሩ ልጃገረዶች የምትመክር መምህርት ብትወከል፣ የማርክ አሰጣጡ በሌላ መምህር ቢታይ፣ ወጣቱ መምህር ሳይርቅ ሊከበር ይችላል። እነዚህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። የሚጠይቁት የትምህርት ቤቱ ዲሬክተርና የእቅድ አውጪው ጉዳዩን የግለሰብ ጠባይ ብቻ አድርገው ሳይሆን የሥራ አደረጃጀት አካል አድርገው እንዲያዩት ነው።